ከ1,238 ቀን በአንዱ ብቻ የከሰረው ድርጅት

እንደምን ዋላችሁ። በሥራ ቀን ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በ2014 መጋቢት ወር ላይ ቨርቹ ፋይናንሻል የተባለ የኒውዮርክ ድርጅት አክሲዮኑን ለሕዝብ ሊሸጥ አስቦ ለአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሰነድ አስገባ። ሥራው በኮምፒውተር በከፍተኛ ፍጥነት መግዛትና መሸጥ ነው፤ ሃይ ፍሪኩዌንሲ ትሬዲንግ ይባላል። ሰነዱ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች፣ ያን ሰሞን ጋዜጣው ሁሉ እሷን ነው ያወራው። ድርጅቱ ከ2009 እስከ 2013 በቆጠራቸው 1,238 የገበያ ቀናት ውስጥ የከሰረው በአንድ ቀን ብቻ ነው ትላለች።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚለው ይታወቃል። «ይሄማ ንግድ አይደለም፣ ዘረፋ ነው።» እኔም ሰው ለምን እንዲህ እንደሚያስብ ይገባኛል። ሳይከስር የሚነግድ ማን አለ? ግን ይህ ቁጥር ብቻውን ሌብነትን አያሳይም። የፍትሕ ጥያቄው አለ፣ ከባድም ነው፤ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ቦታውን ለማግኘት እነዚህ ድርጅቶች ትርፋቸውን እንዴት እንደሚለኩ ማየት አለብን።

የድርጅቱ የዚያን ጊዜ ሥራ አስኪያጅ ዳግላስ ሲፉ የተናገሩት ነገር አለ። ትርፍ የሚያገኙት ከ100 ንግድ በ51 ወይም በ52ቱ ላይ ብቻ ነው። ቀሪው ላይ ወይ ይከስራሉ ወይ እኩል ይወጣሉ።

በወረቀት እናስላው። 51 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ያለው ሰው እንውሰድ። ባሸነፈ ቁጥር አንድ ብር ያገኛል፣ በተሸነፈ ቁጥር አንድ ብር ያጣል። በቀን 100 ጊዜ ቢነግድ ከ10 ቀን በ4ቱ ገደማ ከስሮ ነው ቤቱ የሚገባው። በቀን 10,000 ጊዜ ቢነግድ የሚከስረው በ45 ቀን አንዴ አካባቢ ነው። በቀን አንድ ሚሊዮን ጊዜ ቢነግድስ? ዕድሜ ልኩን ቢነግድ አንድም የኪሳራ ቀን ላያይ ይችላል። ሰውየው አልተለወጠም። ችሎታው ያው 51 በመቶ ነው። የተለወጠው ብዛቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፣ በኋላ ስለምመለስበት ያዙልኝ። ይህ ስሌት የሚሠራው ንግዶቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ ብቻ ነው። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከወደቁ ብዛት አያድንም። ለዚህ ነው ቨርቹ ከ10,000 በላይ በሆኑ የአክሲዮን፣ የቦንድ፣ የምንዛሪና የሸቀጥ ዓይነቶች ላይ በብዙ አገር እነግዳለሁ ብሎ በሰነዱ የዘረዘረው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አብዛኞቹ ማርኬት ሜከር የሚባለውን ሥራ ይሠራሉ። የምንዛሪ ቢሮ ሰሌዳ ታውቃላችሁ፣ ዶላር የሚገዛበት ዋጋ በአንድ በኩል፣ የሚሸጥበት በሌላ በኩል። ትርፉ በመሃል ያለው ልዩነት ነው። ቢሮው ዶላር ነገ ይወደዳል ብሎ አይወራረድም። ሲመሽ እጁ ላይ ብዙ ዶላር ባያድር ይመርጣል። ማርኬት ሜከርም እንደዚያ ነው፤ ሰሌዳውን ግን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይቀይራል።

አንድ ንግድ ቀረብ ብለን እንይ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። ኮምፒውተሩ 100 አክሲዮን በ50 ዶላር ገዛ፣ ወዲያው በ50 ዶላር ከ1 ሳንቲም ሸጠ። አንድ ዶላር አገኘ። በአሜሪካ ብዙ የአክሲዮን ገበያዎች ዋጋ ለጥፎ ለሚጠብቅ ነጋዴ ትንሽ ተመላሽ ይከፍላሉ፣ ለ100 አክሲዮን 20 ሳንቲም እንበል። በመግዣውም በመሸጫውም ሲደመር 40 ሳንቲም ነው። ጠቅላላው 1 ዶላር ከ40 ሆነ። ከዚህ ላይ የክሊሪንግ፣ ማለትም ንግዱን አጣርቶ ገንዘቡንና አክሲዮኑን የማስረከብ፣ እንዲሁም የተቆጣጣሪ ክፍያ ይነሳል።

ሌላኛውን መልክ ደግሞ እንይ። በ50 ዶላር ገዛ፣ ሳይሸጥ ዋጋው ወረደ፣ በችኮላ በ49 ከ99 ሸጦ ወጣ። አንድ ዶላር ከሰረ። ቸኩሎ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ተመላሽ አያገኝም፣ እንዲያውም ራሱ ይከፍላል፣ ወደ 30 ሳንቲም። ሲገዛ ያገኘው 20 ሳንቲም ሲቀናነስ ኪሳራው 1 ዶላር ከ10 ይሆናል።

የትርፋቸው ሂሳብ ሙሉ በሙሉ በእነዚህ ሁለት መልኮች መሃል ነው። ለዚህ ነው «በዓመት ካፒታላችሁ ስንት በመቶ አተረፈ?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ እነሱን የማይገልጻቸው። ያው ገንዘብ በቀን ብዙ ጊዜ ይዞራል፣ ማታ ወደ ጥሬ ገንዘብ ይመለሳል። የሚያዩት በአንድ አክሲዮን ከሳንቲም ስንት እጅ እንደቀራቸው ነው። የገበያና የክሊሪንግ ክፍያ ከተቀነሰ በኋላ በአማካይ በቀን ስንት ገባ ይላሉ። የቀኑ ትርፍ ምን ያህል ይዋዥቃል ይላሉ።

ከሁሉም በላይ የሚከታተሉት ግን ማርክአውት የሚሉትን ነው። ከገዛሁ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ዋጋው የት ሄደ? ከአንድ ደቂቃ በኋላስ? የገዛሁት ነገር በተደጋጋሚ ወዲያው የሚወርድ ከሆነ የሚሸጥልኝ ሰው ከእኔ በፊት የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው። ይህንን ቁጥር ልብ በሉ። የፍትሕ ክርክሩ ሁሉ የተደበቀው እሱ ውስጥ ነው።

ወጪውም ቀላል አይደለም። ቨርቹ በ2013 ጠቅላላ ገቢው 664.5 ሚሊዮን ዶላር፣ የተጣራ ትርፉ ደግሞ 182.2 ሚሊዮን ነበር። በመሃል ያለው ብዙ ገንዘብ የሄደው ለገበያዎች፣ ለክሊሪንግ፣ ለመገናኛ መስመርና ለዳታ ነው። እኔ ይህን ክፍል ከትርፉ ይልቅ አብዝቼ አየዋለሁ፤ ምክንያቱም እሽቅድምድሙ ያለው ወጪው ላይ ነው።

በአሜሪካ በጣም ከሚነገድባቸው ነገሮች አንዱ የኤስ ኤንድ ፒ 500 ፊውቸርስ ነው። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ (ኢንዴክስ) ነው፤ ፊውቸርስ ደግሞ ወደፊት ባለ ቀን ለሚፈጸም ግብይት ዋጋውን ዛሬ የሚቆርጥ ውል ነው። ይህ የሚነገደው በቺካጎ ገበያ ሲሆን ኮምፒውተሮቹ ያሉት ኦሮራ፣ ኢሊኖይ ነው። ያንኑ ኢንዴክስ የሚከተለው ፈንድ ግን ኒው ጀርሲ ባሉት ዳታ ሴንተሮች ነው የሚነገደው፣ ካርተሬት፣ ማህዋ፣ ሴካከስ። አንዱ ጋ ዋጋ ከተነሳ ሌላውም መነሳቱ አይቀርም። ዜናውን ቀድሞ ያደረሰ ያተርፋል።

በ2010 ስፕሬድ ኔትዎርክስ የተባለ ኩባንያ ከቺካጎ እስከ ኒው ጀርሲ ወደ 1,330 ኪሎ ሜትር የሚሆን ፋይበር ዘረጋ። በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ተራራ ሁሉ ተበስቷል። 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደፈጀ ይገመታል። ደርሶ መልስ ወደ 13 ሚሊሰከንድ አወረደው። ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ማይክሮዌቭ መጣ። ብርሃን በመስታወት ውስጥ ሲሄድ በአየር ከሚሄድበት ፍጥነት ሲሶ ያህል ያጣል። ከማማ ማማ በአየር የሚላክ ምልክት ስለዚህ ፋይበሩን ይቀድመዋል፣ ደርሶ መልሱ ከ9 ሚሊሰከንድ በታች ሆነ። ያ ሁሉ የተደከመበት ፋይበር ለፈጣኖቹ ነጋዴዎች ከቁም ነገር የሚገባ አልሆነም። ኩባንያው በኋላ በ127 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ይህ ሁሉ ለምን? ኤሪክ ቡዲሽ፣ ፒተር ክራምተንና ጆን ሺም የተባሉ ተመራማሪዎች በቺካጎና በኒው ጀርሲ መሃል ያለውን ይህን የዋጋ ክፍተት አጥንተዋል። በ2005 ክፍተቱ ተከፍቶ የሚቆየው በተለምዶ 97 ሚሊሰከንድ ነበር። በ2011 ወደ 7 ወረደ። ፉክክር ሲበዛ ትርፍ ይቀንሳል ብለን ነው የተማርነው። ከእያንዳንዱ ክፍተት የሚገኘው ትርፍ ግን በእነዚያ ዓመታት ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አላሳየም። ፉክክሩ ሽልማቱን አላሳነሰውም፤ ሽልማቱን ለመውሰድ የሚያስፈልገውን ፍጥነት ብቻ ነው ያስወደደው።

እኔን ይህን ርዕስ እንድይዝ ያደረገኝ ይህ ግኝት ነው። ከሌላው በ5 ማይክሮሰከንድ መቅደም፣ ማለትም በሰከንድ አምስት ሚሊዮንኛ፣ የአክሲዮኑን ትክክለኛ ዋጋ ለማወቅ ለሰው ልጅ ምን ይጨምራል? ዋጋው ያው ይታወቃል። ለማን እንደሚደርስ ነው የተለወጠው።

ወደ ሰሌዳው ልመልሳችሁ። የምንዛሪ ዋጋ ድንገት ጨመረ እንበል። ቢሮው ሰሌዳውን ለመቀየር እየተጣደፈ ነው። በዚያች ቅጽበት አንዱ ሮጦ ገብቶ በድሮው ዋጋ ይገዛዋል። ሰሌዳ የሰቀለው ሰው ምንም አላጠፋም፤ የዘገየው በትንሽ ነው። ይህ በተደጋጋሚ ቢደርስበት ምን ያደርጋል? በመግዣና በመሸጫ መሃል ያለውን ልዩነት ያሰፋል። ያንን የሰፋ ልዩነት የሚከፍለው ማን ነው? ሯጩ አይደለም። ቢሮው ውስጥ የሚገባ ሌላ ደንበኛ ሁሉ ነው።

ይህ በገንዘብ ሲለካ ስንት ነው? ማቴዮ አኩሊና፣ ኤሪክ ቡዲሽና ፒተር ኦኔል በለንደን የአክሲዮን ገበያ የ2015 የጥቂት ሳምንታት መረጃ ላይ ሠርተውበታል። ኤፍ ቲ ኤስ ኢ 100 በሚባለው የመቶዎቹ ትልልቅ የለንደን ገበያ ኩባንያዎች ዝርዝር ውስጥ ባለ አንድ አክሲዮን ላይ በቀን 537 ገደማ እንዲህ ያለ ውድድር ይደረጋል፣ በደቂቃ አንዴ ማለት ይቻላል። አሸናፊና ተሸናፊን አብዛኛውን ጊዜ የሚለያቸው ከ5 እስከ 10 ማይክሮሰከንድ ነው። ከጠቅላላው ግብይት አንድ አምስተኛ የሚሆነው የሚካሄደው በእነዚህ ውድድሮች ውስጥ ነው። አንድ ውድድር በአማካይ የሚያስገኘው ወደ 2 ፓውንድ ነው። ሁለት ፓውንድ! ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን ድልም ሽንፈትም የሚካፈሉት ስድስት ድርጅቶች ናቸው።

ሁለት ፓውንድ ለቡና ነው የሚበቃው። ሲደመር ግን ተመራማሪዎቹ በዓለም የአክሲዮን ገበያዎች በዓመት ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል ብለው ገምተዋል። ውድድሩ ቢጠፋ የመገበያያ ወጪ በ17 በመቶ ይቀንሳል ብለዋል።

የዚህ ገንዘብ ምንጭ ሩቅ አይደለም። አሜሪካ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ በመሥሪያ ቤታችሁ በኩል ፎር ኦ ዋን ኬ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ አላችሁ። የጡረታ ፈንድ ትልቅ ትዕዛዝ ቆራርጦ ነው የሚገዛው፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ደግሞ ይህችን ትንሽ ልዩነት ይከፍላል። ማንም ሰው ሂሳቡ ላይ አያያትም። ለዚህ ነው የሚከራከርላት የሚጠፋው።

አሁን የሌላውን ወገን ክርክር በቅንነት ላቅርብ፣ ምክንያቱም ጠንካራ ነው። ድሮ ጥሩ ነበር የሚል ካለ ተሳስቷል። እስከ 1997 ድረስ በአሜሪካ የአክሲዮን ዋጋ የሚንቀሳቀሰው በዶላር ስምንተኛ ነበር፣ 12 ሳንቲም ተኩል። በ1994 ዊሊያም ክሪስቲና ፖል ሹልትዝ የተባሉ ምሁራን ናስዳክ በተባለው የአክሲዮን ገበያ ያሉ ደላላዎች ጎዶሎ ስምንተኞችን (1/8፣ 3/8 የመሳሰሉትን) እየዘለሉ እንደሚጠሩ አሳዩ። ልዩነቱ ቢያንስ 25 ሳንቲም ሆኖ እንዲቆይ ማለት ነው። ጉዳዩ እስከ ፍትሕ ሚኒስቴር ደርሷል። በ2001 ዋጋ በሳንቲም መጠራት ሲጀምርና ኮምፒውተሮች ሲገቡ በትልልቆቹ አክሲዮኖች ላይ ልዩነቱ አንድ ሳንቲም ደረሰ። 100 አክሲዮን ለሚገዛ ተራ ሰው የዛሬው ገበያ ከዚያን ጊዜው እጅግ ርካሽ ነው። ይህን ያመጡት ከፊሉ እነዚሁ ፈጣን ድርጅቶች ናቸው።

ስለዚህ «ሃይ ፍሪኩዌንሲ ትሬዲንግ ይታገድ» በሚለው አልስማማም። ዋጋ ለጥፎ መቆም አገልግሎት ነው። የዘገየን ሰሌዳ ለመንጠቅ መሮጥ ሌላ ነገር ነው። ችግሩ አንዱ ድርጅት በአንዱ ደቂቃ ውስጥ ሁለቱንም ይሠራል፤ ሕጉም የትርፍ መግለጫውም አይለያቸውም።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ነበር፣ ንግዶቹ ካልተያያዙ ነው ብያለሁ። ግንቦት 6 ቀን 2010 ከሰዓት በኋላ ተያያዙ። አንድ ትልቅ ድርጅት 4.1 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጡ 75,000 የፊውቸርስ ውሎች በአውቶማቲክ ፕሮግራም መሸጥ ጀመረ። ዳው ጆንስ የተባለው የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ በዚያ ቀን 1,000 ነጥብ ገደማ አጣ፣ አብዛኛውንም በደቂቃዎች ውስጥ። ተቆጣጣሪዎቹ በዚያው ዓመት ባወጡት ሪፖርት ውስጥ 14 ሰከንድ አለች። በፈረንጆቹ ሰዓት ከ2:45:13 እስከ 2:45:27 ፈጣኖቹ ድርጅቶች ከ27,000 በላይ ውሎች ተገበያዩ፣ ከጠቅላላው ግብይት ግማሽ ያህሉ። ግዢውና ሽያጩ ተቀናንሶ በእጃቸው የቀረው የተጣራ ግዢ ግን 200 ውል ገደማ ብቻ ነበር። እርስ በርሳቸው ይቀባበሉት ነበር እንጂ የሚያሳድር አልነበረም።

ይህ የሚያሳየው የትርፍ መለኪያቸው ባህሪያቸውን እንደሚወስን ነው። ዘመናቸውን ሁሉ «እጅህ ላይ አታሳድር» ተብሎ የተለካ ፕሮግራም በመከራ ሰዓት ያሳድራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በዚያ ቀን አንዳንድ አክሲዮኖች በአንድ ሳንቲም ተሸጠዋል። ከልክ ያለፉት ንግዶች በኋላ ተሰርዘዋል።

ከእናንተ መካከል በስልክ መተግበሪያ የምትገዙ ካላችሁ የእናንተ ትዕዛዝ አብዛኛውን ጊዜ ኒው ጀርሲ ገበያ ላይ አይደርስም። ደላላው ለአንድ ትልቅ ማርኬት ሜከር ይልከዋል፣ ማርኬት ሜከሩ ለደላላው ይከፍላል። ለምን የእናንተን ይፈልጋል? ማርክአውታችሁ መልካም ስለሆነ ነው። ከእሱ በፊት የምታውቁት ነገር የለም። ኮሚሽን ዜሮ የሆነው በዚህ ነው። ዜሮ ማለት ግን ነፃ ማለት አይደለም። በታኅሣሥ 2020 የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ሮቢንሁድ የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ደላላ በዚህ ክፍያ ጉዳይ ደንበኞችን አሳስቷል ብሎ 65 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ደንበኞቹ ኮሚሽን ባለመክፈል ያተረፉት እንኳ ታስቦ 34.1 ሚሊዮን ዶላር አጥተዋል ሲልም አስታውቋል። ገበያው ሲናወጥ በማንኛውም ዋጋ የሚሸጥ ትዕዛዝ አታስገቡ። የዋጋ ወሰን አስቀምጡ።

መፍትሔ አለ ወይ? ሁለት ሐሳቦች አሉ። አንዱ ማዘግየት ነው። አይ ኢ ኤክስ የተባለው ገበያ 61 ኪሎ ሜትር ፋይበር በትንሽ ሣጥን ውስጥ ጠምጥሞ እያንዳንዱን ትዕዛዝ በ350 ማይክሮሰከንድ ያዘገያል። በ2016 ሰኔ ወር ላይ ሙሉ ገበያ ሆኖ እንዲሠራ ፈቃድ አገኘ። ሁለተኛው የቡዲሽና የባልደረቦቹ ነው። ገበያው ያለማቋረጥ በመሮጥ ፋንታ በሰከንድ ስባሪ ውስጥ የመጡትን ትዕዛዞች ሰብስቦ በአንድ ዋጋ ያጫርት ይላሉ። በዚያች ስባሪ ውስጥ መቅደም ዋጋ ያጣል። ፉክክሩ ወደ ዋጋ ይመለሳል፣ ማን የተሻለ ዋጋ ሰጠ ወደሚለው። እኔ ይህኛው ይበልጥ ያሳምነኛል። ግን ልብ በሉ፣ ለፍጥነት መስመርና ለሰርቨር ቦታ ኪራይ የሚቀበሉት ራሳቸው ገበያዎቹ ናቸው። እሽቅድምድሙ ቢቆም ገቢያቸው ይቀንሳል። እስካሁን በሰፊው ያልተሞከረበትን አንዱን ምክንያት እዚያ ነው የማየው።

በጥር 2025 አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል፣ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። የማይክሮሰከንድ ውድድር እዚያ የለም። ግን በአሜሪካ ገበያዎች ላይ የምናየው ችግር በአብዛኛው የመጣው ማንም ብዙ ሳይከራከርባቸው ከጸደቁ ትናንሽ ደንቦች ነው። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገድ የሚለው አንዱ ነው። ሰርቨር ከገበያው ሕንፃ ውስጥ መከራየት ሌላው ነው። የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ መረጃውን ለሕዝቡ ከሚያደርስበት መስመር በፊት ለሚከፍሉት እየላከ ተገኝቶ በ2012 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። ያኔ የተጣሰው ዋናው ደንብ ለማንም ቀድመህ አትላክ የሚል ነበር።

የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ውስጥ የሚሠሩ ወጣቶች ይህን ካነበቡ አንድ ነገር ልለምናቸው። የለንደኑ ጥናት ሊሠራ የቻለው ተመራማሪዎቹ የተሳኩ ንግዶችን ብቻ ሳይሆን ዘግይተው የደረሱና ገበያው የመለሳቸውን መልእክቶችም ስላገኙ ነው። ተራው የገበያ መረጃ አሸናፊውን ብቻ ነው የሚመዘግበው። ማን እንደተቀደመ አይናገርም። ገበያው ገና ትንሽ ሳለ፣ ማስቀመጡ ርካሽ ሳለ፣ ያልተሳካው ትዕዛዝ ሁሉ ከነሰዓቱ ይቀመጥ።